ማረጋጋት ሌላ፣ መረጋጋት ሌላ

በዜና አማርኛ «ማረጋጋት» የጸጥታ ቃል ነው። ተቃውሞ ሲነሣ፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ተኩስ ሲሰማ ማታ መግለጫ ይወጣል፤ የጸጥታ ኃይሉ አካባቢውን የማረጋጋት ሥራ እየሠራ መሆኑ ይነገራል። አምቦ፣ ጊንጪ፣ ጉደርና ጌዶ ይህን መግለጫ በቃላቸው ያውቁታል። ከቀናት በኋላ ሱቅ ይከፈታል፣ ባጃጅ ይንቀሳቀሳል፣ ተማሪ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ከተማው ተረጋጋ ይባላል። ሰዉ ተረጋግቶ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ያልተረጋጋው ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ስልኩን ያነሣል። እዚያም ሌላ አረጋጊ ይጠብቀዋል፦ ዓይንህን ጨፍን፣ ድምፄን ብቻ ስማ፣ ከ10 ወደ 1 ስቆጥር ጭንቀትህ ይለቅሃል የሚል። አንዳንዱ ቅጂ በነጻ የሚገኝ ነው። አንዳንዱ ተከፍሎ የሚገባበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ቀጠሮ ሕይወት እንደሚለውጥ ቃል ይገባል። የዘዴው ስም ሂፕኖሲስ ነው፤ ለሕክምና ሲውል ሂፕኖቴራፒ ይባላል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ከፊልም ነበር፤ ሰውዬው የኪስ ሰዓት እያወዛወዘ ሌላውን ሲያፈዝ። አሁን ከፊልሙ ወጥቶ ኪስ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ነገሩ ይሠራል ወይ? ከሠራስ የጭንቀቱ ምንጭ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ባልሆነበት አካባቢ፣ እንደ ምዕራብ ሸዋ ባለ ቦታ፣ ምን ያህል ይጠቅማል?

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ውርደት ነው። ፍራንዝ አንቶን መስመር የተባለ ሐኪም ከቪየና ወደ ፓሪስ ሄዶ በሰው አካል ውስጥ የሚፈስ «ማግኔት» አለ፣ እኔ እሱን አስተካክዬ በሽታ እፈውሳለሁ እያለ ታላላቅ ሰዎችን ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ከአባላቱ መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮዚየ ነበሩ። በፍራንክሊን ግቢ ውስጥ የመስመር ተማሪ የሆነ ሐኪም አንዱን ዛፍ «ማግኔት» አደረገው። ከዚያ ዓይኑ የተሸፈነ ልጅ እየተመራ ዛፎቹን አንድ በአንድ እንዲያቅፍ ተደረገ። ልጁ አራተኛው ዛፍ ላይ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ዛፉ ግን ምንም ያልተደረገበት ሌላ ዛፍ ነበር።

ኮሚሽኑ ማግኔት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የምናብ ሥራ ነው ብሎ ደመደመ። ትክክል ነበር። ሆኖም ልጁ የወደቀው የምሩን ነበር። ምናብና እምነት አካልን ከመሬት መጣል ከቻሉ ከወደቀበት ማንሣትም ይችሉ ይሆን የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ጄምስ ብሬድ የተባለ በማንችስተር የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ጥያቄውን አነሣው፤ ማግኔቱን ጥሎ ትኩረቱን ያዘ። ስሙን ከግሪክኛው «እንቅልፍ» ወስዶ አወጣለት፤ ኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ እንዳልሆነ ሲረዳ በስሙ ተጸጸተ። የብሪታንያ የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1955፣ የአሜሪካው ደግሞ በ1958 ዘዴው በሠለጠነ ሰው እጅ የሕክምና መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ተቀበሉ።

ታዲያ እንቅልፍ ካልሆነ ምንድን ነው? አማርኛ ጥሩ ቃል አለው፦ ተመስጦ። ከሆለታ ተሳፍሮ ሐሳብ ይዞት የሄደ መንገደኛ ጊንጪ ሲደርስ አዲስ ዓለምን መቼ እንዳለፈ አያስታውስም። ተኝቶ አልነበረም፤ ሒሳብ ቢጠየቅ ይከፍላል፣ ስሙን ቢጠሩት ዞር ይላል። ትኩረቱ ግን አንድ ነገር ላይ ተሰብስቦ ሌላው ሁሉ ርቆበት ነበር። ሂፕኖሲስ ያንን ሁኔታ ሆን ብሎ ማምጣት ነው። ትኩረት ሲሰበሰብ፣ ትንፋሽ ሲረዝም፣ ጡንቻ ሲላላ፣ በዚያ ሰዓት የተነገረ ቃል ከወትሮው ጠልቆ ይገባል። ሰው ፈቃዱን አያጣም፤ የማይፈልገውን አያደርግም። በዚህም ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች ሂፕኖሲስ በመጨረሻ ሰው ራሱ በራሱ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው፣ ባለሙያው መንገዱን ብቻ ያሳያል ይላሉ።

ሁሉም ሰው እኩል አይመሰጥም። ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሰው በቀላሉ ይገባል፤ ወደዚያው የሚጠጋ ቁጥር ያለው ሰው ደግሞ ምንም ቢደረግ አይገባም፤ ቀሪው መሐል ላይ ነው። ማስረጃው የጠነከረውም ለሕመም ማስታገሻ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ላለ ፍርሃትና ለአንጀት ሕመም ነው። የብሪታንያ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 መድኃኒት ለዓመት ሞክረው ላልተሻላቸው የአንጀት ታማሚዎች ሂፕኖቴራፒን ካማራጮቹ አንዱ አድርጎታል። ለዕለት ተዕለት ጭንቀትም ይረዳል፤ ግን ብቻውን ተአምር አይሠራም። ከትንፋሽ ልምምድ፣ ከንግግር ሕክምናና ከኑሮ ማስተካከያ ጋር ሲሆን ነው የሚጠቅመው። «በአንድ ቀጠሮ» የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ላይ ይወድቃል።

አሁን ነገሩን ወደ ምዕራብ ሸዋ ማምጣት ይቻላል፤ ምክንያቱም በድምፅና በተመስጦ ሰውን ማሳረፍ ለዚህ አገር ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም።

አምቦ ራሷ ሰው ለማረፍ የሚመጣባት ከተማ ነበረች። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው ያለ ነገር አይደለም፤ ሰው ወደ ፍልውሃዋ ይመጣ ነበር። ከመሬት የሚፈልቀው ጋዝ ያለበት ውኃዋም እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ታሽጎ አገር ምድሩን ያዳርሳል። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ በሜጫ ኦሮሞ ገጠር የቃሉ ቤት፣ ገልማው፣ ነበር፤ በየቦታው ዛሬም አለ። በአማርኛ «ቃልቻ» የሚለው ስም የንቀት ድምፅ ስላለው ብዙ ሰው በውስጡ ምን ይደረግ እንደነበር አያውቅም። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን ስለ ሜጫ ቃሉ ሥርዓት ያጠናውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳተመ፤ አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስም በ1960ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ ሸዋ ተቀምጦ ተመሳሳይ ጥናት አድርጓል። የሚታየው ሥዕል እንዲህ ነው፦ ሰዎች በሌሊት ለዳላጋ ይሰበሰባሉ፣ ይዘፈናል፤ አያናው በቃሉ ላይ ይወርዳል። የታመመው፣ ልጅ ያጣችው፣ የተሰረቀው፣ ከወንድሙ በመሬት የተጣላው ሁሉ ችግሩን ይናገራል። የተጣሉትም ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ይዳኛሉ። የመንግሥትን ፍርድ ቤት ትቶ እዚያ የሚሄደው ባለጉዳይ ጥቂት አልነበረም።

ጎንደርም የራሱ ነበረው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 የዛር ቤት ውስጥ ወራት አሳልፎ ጽፎበታል። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በ1958 ባወጣው ጽሑፍ የዛር ማኅበርን «የቡድን ሕክምና» ብሎ ጠራው፤ ዛር ያለባት ሴት ከሕመሟ ጋር የምትኖርበት፣ የምትከበርበትና የምትሰማበት ስብስብ ታገኛለች ማለቱ ነው።

ወደ ሸዋ ስንመለስ፣ ያኔ ጊዮን ትባል በነበረችው ወሊሶ የጠበልና የጸሎት ፈውስ ሰው እየሳበ ስለነበር ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ሄዶ አጠናው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። የአእምሮ ሐኪም ወደ ጠበል ቦታ የሄደው ሊያፌዝ አልነበረም፤ ሰው ለምን እንደሚሄድና ምን እንደሚያገኝ ሊያይ ነበር።

እነዚህ ሦስት ቦታዎች በእምነት አይገናኙም፤ አንዱ ሌላውን ያወግዛል። ለአማኙ የጠበል ኃይልና የአያና ጉዳይ በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥም አያስፈልግም። ጭንቀት ይዞት ለሚመጣው ሰው የሚያደርጉለት ነገር ግን ይመሳሰላል። የሚታመን ድምፅ አለ። ትኩረትን የሚሰበስብ ዜማ፣ ውኃ ወይም ከበሮ አለ። አብሮ የሚቀመጥ ሰው አለ። በቃሉ ቤት ደግሞ አራተኛ ነገር ይጨመራል፦ ጉዳዩ ይታያል። ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቶ እንቅልፍ ያጣው ገበሬ ልብህን አሳርፍ ተብሎ ብቻ አይሸኝም፤ ወንድሙ ይጠራል።

ይህን ሁሉ ማንሣት የድሮውን ማሞገስ አይደለም። በፈውስ ስም የታሰረ፣ የተገረፈ፣ መድኃኒቱን ጥሎ የሞተ፣ ከብቱን ሸጦ የከፈለ ሰው ታሪክ በየአካባቢው አለ። ግን በሁለቱ መካከል መንገድ እንዳለም ታይቷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ ብዙ ሕሙማን ጠበል ገብተው ኪኒናውን ያቆሙ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ሰው የሚያምነው ድምፅ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውን መንገድ ከፈተ። አንድ ድምፅ ሰውን ወደ ሌላ እርዳታ ይመራዋል ወይስ ከሌላ እርዳታ ያግደዋል? አረጋጊን ሁሉ በዚህ መለካት ይቻላል።

የስልኩ ሂፕኖሲስ በዚህ ሚዛን ሲታይ ከአራቱ የያዘው አንዱን ብቻ ነው፦ ድምፁን። አብሮ የሚቀመጥ ሰው የለውም። ጉዳዩንም አያይም።

የምዕራብ ሸዋ ጉዳይ ደግሞ የሚታለፍ አይደለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም አምቦ ላይ ሰልፍ ወጥቶ ሰው ተገደለ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳርሶ የመንግሥት ለውጥ እስከ ማምጣት ደረሰ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አምቦ ስታዲየም ሲገቡ ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም.፣ በዚያው ከተማ የድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈነዳ። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ ሰኔ 25 አምቦ ተቀበረ፤ ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና መንግሥት «ሸኔ» በሚለው በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል ያለው ውጊያ የዞኑን ወረዳዎች አልማረም። በ2006 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ወጣት ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። የዕድሜውን ምርጥ ዓመታት መግለጫ እየሰማ ኖረ።

እንዲህ ያለ ሰው በር ሲንኳኳ ቢደነግጥ፣ ስልክ በሌሊት ሲጠራ ልቡ ቢመታ፣ ይህ የአእምሮ ብልሽት አይደለም። አካል አደጋን ለመመከት ያለው ማንቂያ እየሠራ ነው። ችግሩ ማንቂያው አደጋ በሌለበት ሰዓትም አለመጥፋቱ ነው፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ጨጓራ ያቃጥላል፣ በሚስትና በልጅ ላይ ያስጮኻል፣ ወደ አረቄ ይወስዳል። የዚህ ዓይነቱን ማንቂያ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ያስፈልጋልም። ነገ ወደ ጌዶና ባኮ መንገድ ለሚወጣ ሾፌር ግን «ምንም አትሆንም» ብሎ ማስተኛት ውሸት ነው። እውነተኛው ቃል ጠበብ ያለ ነው፦ አሁን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህ ሰዓት በሩ ተዘግቷል፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ማረፍ ይቻላል።

በኦሮምኛ ጭንቀት «ዺጲና» ይባላል፤ ቃሉ ከጠባብነት ጋር አንድ ሥር አለው። አማርኛውም «ጠበበኝ» ይላል። የሁለቱም ቋንቋ ሰው ጭንቀትን የሚያውቀው በደረቱ ነው። የሚጀመረውም ከዚያው ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው ልምምድ ይህን ይመስላል፦ ተመቻችቶ መቀመጥና እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ፤ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ መምረጥ፤ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። የማስወጫው መርዘም የልብን ምት ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ከ10 ወደ 1 እየቆጠሩ ከግንባር እስከ እግር ጣት አካልን ማላላት፤ መጨረሻ ላይ አንድ አጭርና እውነት የሆነ ዓረፍተ ነገር ለራስ መናገር፤ ከ1 ወደ 5 ቆጥሮ መነሣት። 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ለሳምንታት በየቀኑ ሲደጋገም ነው ውጤቱ የሚታየው። ዓረፍተ ነገሩ ደግሞ ሰው በሚያልምበት ቋንቋ ይሁን። ጉደር ላይ ያደገች ሴት በእንግሊዝኛ ቅጂ ከምትታገል «ሱታ» የሚለው አንድ ቃል፣ እናቷ «ቀስ በይ» ስትላት የሰማችው ቃል፣ ይበልጥ ያሳርፋታል።

ጥንቃቄውም መነገር አለበት። ተኩስ፣ እሥር ወይም ድብደባ ያየ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ያ ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ዓይንን ገልጦ፣ እግርን መሬት ላይ አጽንቶ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚታዩ ነገሮችን በስም መጥራት ይሻላል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰዎች ያሳድዱኛል ብሎ እርግጠኛ የሆነ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ሰው የስልክ ቅጂ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ዛሬውኑ አብሮት ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ዘመድ ነው። «የተረሳ ትዝታህን አወጣልሃለሁ» ከሚል ሰው ደግሞ መራቅ ነው። በተመስጦ ውስጥ ያለ ሰው ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሊያስታውስ ይችላል፤ በአሜሪካ በርካታ ፍርድ ቤቶች በሂፕኖሲስ የወጣ ምስክርነትን የገደቡት በዚህ ምክንያት ነው። በቂምና በጥርጣሬ በቆሰለ አካባቢ እንዲህ ያለ የሐሰት ትዝታ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚጠየቁት ጥቂት ናቸው። የጤና ሥልጠናህ ምንድን ነው፣ ፈቃድህን ማን ሰጠህ? ካልተሻለኝ ወዴት ትልከኛለህ? ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት በተመለከተ ምን ትላለህ? ዘመድ ይዤ መግባት እችላለሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ የማይወድ ሰው ቤት፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ መግባት የለባትም። መድኃኒትህን ጣል የሚል ደግሞ የሂፕኖሲስ ባለሙያም ይሁን ሌላ፣ መልሱን ራሱ ሰጥቷል።

የቀረው ጥያቄ የመንግሥት ነው። ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር መሥራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ አምቦ ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታሉም አሉ። የትንፋሽና የማረፊያ ልምምድን በኦሮምኛ ቀርጾ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤትና በማኅበረሰብ ሬዲዮ ማድረስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ነጻውና ትክክለኛው ድምፅ በሌለበት ቦታ የሚሸጠው ድምፅ ይነግሣል።

ግን እዚያ ላይ ከቆመ ያው «ማረጋጋት» ይሆናል። ልጁ የተገደለበት አባት ጥሩ መተንፈስ ቢማር እንቅልፉ ይመለስለት ይሆናል፤ ማን ገደለው የሚለው ጥያቄ ግን አብሮት ይነቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የቃሉ ቤት ሽማግሌዎች ያወቁት ይህን ነው፤ ሰውን አሳርፈው ጉዳዩን ያዩ ነበር። የዛሬ ባለሥልጣናትም ከተማን ሲያረጋጉ ጉዳዩን ማየት ይጠበቅባቸዋል፦ የሞተው በስም ይጠራ፣ የታሠረው ለፍርድ ይቅረብ ወይም ይለቀቅ፣ መንገዱ ለሾፌሩ ይከፈት። ያን ጊዜ ማታ ከ10 ወደ 1 የሚቆጥረው ሰው ለራሱ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ከአንድ ክፍልና ከአንድ ሰዓት ሰፋ ሊል ይችላል።